ባዬ ያሳመረው ምርቃት

በዚያ ዘመን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሠርጉን በባዬ ያላስቀረጸ ሰው እንዳላገባ ይቆጠር ነበር። ባዬም ይህን ያውቃል፤ ማወቁንም አይደብቅም። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ፣ ከሱቁ በር በላይ በሰቀለው ሰሌዳ ላይ የራሱን ፎቶ ከሙሽራውና ከሙሽራዪቱ መካከል አስገብቶ አሠርቷል። ማን ማንን እንዳገባ ለማያውቅ መንገደኛ ግራ የሚያጋባ ሰሌዳ ነው።

ሰውየው የቡሬ ዙሪያ ልጅ ነው። አባቱ በርበሬ ያመርቱ ነበር፤ እሱ ግን በርበሬ ያስነጥሰኛል ብሎ ከተማ ገባና ለአንድ ካሜራማን መብራት ያዥ ሆነ። ሁለት የሠርግ ወራት መብራት ከያዘ በኋላ፣ ካሜራ መያዝም ያው መያዝ ነው ብሎ ደመደመ። አሮጌ ካሜራ ገዝቶ የራሱን ቤት ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ከደምበጫ እስከ ቡሬ የተደገሰ ሠርግ ሁሉ በቪዲዮው ላይ አንድ መልክ ኖረው። መጀመሪያ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይመጣል፤ ሙሽራዪቱ ፏፏቴውን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ቀጥሎ ልብ ይመጣል፤ በልቡ ውስጥ የሙሽራው ፊት ይሽከረከራል። ከዚያ እስከ መጨረሻው ዘፈን ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ አይሰማም፣ እናት ስታለቅስ አይሰማም፣ ሚዜ ሲቀልድ አይሰማም። የሰው ድምፅ የገባበት ቪዲዮ በባዬ አነጋገር «ጥሬ» ነው፤ ጥሬ ደግሞ ለእንግዳ አይቀርብም። ባዬ ብቻውን ቢሳሳት ኖሮ ምንም አልነበር፤ አገሩ ሁሉ አመነው። ጫጫታ የሚሰማበት ዲስክ የደረሰው ሰው «አልጨረስክልኝም» ብሎ ይመልስለት ነበር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እዚህ ግን የተለቀለቀውም ሰው አመስግኖ ይሄድ ነበር።

ሠርክአዲስ ይህን የተረዳችው ዘግይታ ነው። በከተማው በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችውም ይህንኑ ነው፤ ወረቀት እንዳይጠፋ፣ እንዳይቀደድ፣ እንዳይደባለቅ መጠበቅ። አባቷ መሪጌታ እንዳለው የቅኔ መምህር ነበሩ። ድምፃቸውን ለመቅዳት መሣሪያ ይዞ የመጣን ተማሪ ሁሉ «በጆሮህ ያዘው፤ ጆሮህ ካልያዘው ኪስህ አይዝልህም» ብለው የሚመልሱ ሰው። በ፳፻፭ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አረፉ።

ከእሳቸው የቀረ ድምፅ ሊኖር የሚችለው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ይታገሱ በ፲፱፻፺፰ ዓ.ም. ሲያገባ፣ ሙሽራው ከቤት ከመውጣቱ በፊት መሪጌታ ተነሥተው መርቀው ነበር። ሠርክአዲስ ያን ጊዜ ፈተና ላይ ስለነበረች ሠርጉ አመለጣት። «አንቺንም በሌለሽበት በስምሽ ጠርተው መረቁሽ» ብሏታል ይታገሱ። «ምን ብለው?» ስትለው ግን ጭንቅላቱን ያካል። ያን ቀን ሙሽራ ነበር፤ ሙሽራ ደግሞ ጫማው እግሩን ከማጥበቡ በቀር የሚያስታውሰው የለም።

የቤቱ ዲስክ ማጫወቻ፣ መብራት ሄድ መጣ ሲል፣ ከተቃጠለ ቆይቷል። ስለዚህ ከአርባው ተዝካር በኋላ ሠርክአዲስ የቤተሰቡን ዲስኮች በሙሉ፣ ሠርጉንም ክርስትናውንም ንግሡንም፣ በብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ባዬ ዘንድ ሄደች።

«ሠርኬ! የኔታን ነፍስ ይማር። እግዜር ያጥናሽ» አላት ባዬ፣ ማስቲካውን ወደ ጉንጩ ገፋ አድርጎ።

«አሜን። እነዚህን ወደ ፋይል ገልብጥልኝ። ሃርድ ዲስክ ይዣለሁ።»

«ላንቺማ አሳምሬ!»

«አታሳምር።»

«እንዴት ማለት?»

«ያለው እንዳለ፣ የጎደለውም እንደ ጎደለ። ምንም እንዳትነካ።»

«አይ የመዝገብ ቤት ሰው!» ብሎ ሳቀ። «አቧራውም ሳይራገፍ ነዋ እምትፈልጊው!»

«አዎ። አቧራውም ሳይራገፍ።»

ባዬ ደረቱን መታ። ደረት መምታት ለባዬ ቀላል ነገር ነው።

በሳምንቱ ሃርድ ዲስኩን ተቀብላ ቢሮዋ ውስጥ ከፈተችው። ፏፏቴው መጣ። ልቡ መጣ። ይታገሱ በልቡ ውስጥ እንደ በግ ጥብስ ተሽከረከረ። ከዚያ ዳሱ ታየ፤ ከዳሱም መሪጌታ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተነሡ። ሠርክአዲስ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተችው። የአባቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ከአፋቸው የሚወጣው ግን ስለ አንዲት ቆንጆ ዳሌ የሚያወራ የጎረምሳ ዘፈን ነው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የቅኔ መምህር፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በወጣት ድምፅ ዳሌ ያሞግሳሉ።

ሳቋም መጣ፣ እንባዋም መጣ፤ ሁለቱንም መለሰቻቸው። ደግማ አየችው። በሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ያዘች። መሪጌታ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ቀጥታ ወደ ካሜራው ይጠቁማሉ፤ እጃቸው ገና አየር ላይ ሳለ ሥዕሉ ዘለለና የዳሱ ጣራ ታየ። ከመዝገብ ላይ ቅጠል ሲገነጠል ታውቀዋለች፤ ስፌቱ ይናገራል። እዚህም ተገንጥሏል።

ሱቁ ድረስ በእግሯ ሄደች።

«ባዬ፣ አባባ እጃቸውን ሲያነሡ የቆረጥከው ምንድን ነው?»

«አየሽው እንዴ?» አለ፤ እንደ ማፈርም እንደ መኩራትም አደረገው። «የድሮ ስሕተቴ ናት። አንደኛው ዘፈን አልቆ ሁለተኛው ሳይጀምር ትንሽ ክፍተት ቀርታብኝ ነበር። ጫጫታው ይሰማል። ስንት ዓመት ስታሳፍረኝ ኖራ አሁን በነጻ አስተካከልኳት።»

«እንዳትነካ አላልኩህም?»

«ቆሻሻ ለሰው ይሰጣል እንዴ ሠርኬ? በስሜ እኮ ነው የሚወጣው!»

«ካሜራው ውስጥ የነበረው ካሴትስ? ዋናው?»

«እሱማ ያን ጊዜውኑ ሌላ ሠርግ ተቀረጸበት። ካሴት እንደ ማሳ ነው፤ ካጨድሽ በኋላ መልሰሽ ትዘሪበታለሽ።»

የበርበሬ ገበሬ ልጅነቱ ትዝ ያለው ያን ዕለት ብቻ ነው።

«ዲስኮቼን መልስልኝ እንግዲያው።»

ባዬ ማስቲካውን ማኘክ አቆመ። «ፋይሉን ከወሰድሽ ዲስኩ ምን ይሠራልሻል ብዬ…»

ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ። ሠርክአዲስም ተከትላ አየች። በበሩ ጉበን ላይ፣ በሲባጎ ተሰክተው፣ ዲስኮቿ እንደ ዶቃ ተንጠልጥለው ነፋስ ያዞራቸዋል። ስትገባ ግንባሯን የመታት ከእነዚህ አንዱ ነበር።

«ያምራል ብዬ ነው» አለ ባዬ።

ወንበር ስባ ላዩ ላይ ወጣችና ሲባጎውን በጥርሷ በጠሰችው። የወንድሟ ስም የተጻፈበትን ለየች። ጀርባው በአቧራና በግጭት ተጭሯል። በነጠላዋ ጫፍ፣ ከመሐል ወደ ዳር፣ ቀስ እያለች ጠረገችው። ባዬ እጁን ሲዘረጋ ዞር ብላ ከለከለችውና ራሷ መገልበጫው ማሽን ውስጥ አስገባችው። ማሽኑ አጓራ፣ ቆመ፣ እንደገና አጓራ። ፏፏቴው ተቆራርጦ መጣ። ልቡ ተሰነጣጠቀ፤ ለእሱ ማንም አላዘነ። ዳሱ መጣ። መሪጌታ ተነሡ፤ ዘፈኑ ስለ ዳሌዋ ብሎ ብሎ ደከመው፤ አለቀ።

ሱቁ ውስጥ እልልታ ተሰማ፤ ሕፃን አለቀሰ፤ አንዱን ሳል ያዘው። ከዚያ መሪጌታ እንዳለው እጃቸውን አንሥተው፣ በዚያ ተማሪ በሚያስደነግጠው ጎርናና ድምፃቸው ተናገሩ፦

«አንተ ልጅ፣ ዞር በል እስቲ! ልጄን ከለልክብኝ። የምመርቅ ልጄን ነው፣ ያንተን ቆርቆሮ አይደለም!»

በዳሱ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ካሜራው ደንግጦ ወደ ጣራው ዞረ። ሁለተኛው ዘፈን ገባ።

ያ ብቻ ነው። ምርቃቱ ከዚያ በፊትና በኋላ ነበር፤ እሱን ዘፈኑ በልቶታል። ስሟ የተጠራውም እዚያ ውስጥ ነው፤ አይወጣም።

ሠርክአዲስ ጠረጴዛውን ይዛ ቆማ ቀረች። የባዬ ጆሮ ቀልቷል።

«ይኼስ… እኔን እኮ ነው የሚሉት» አለ። «ይቺማ ትቆረጥ። ለሳቸውም ክብር አይሆን። ሙት ሲቆጣ አይሰማም።»

«እጅህን አንሣ።»

«ሠርኬ፣ ሰው ይሰማዋል—»

«እጅህን አንሣ አልኩህ!»

አነሣ። ስሕተቱንም፣ ሳሉንም፣ የሕፃኑንም ልቅሶ፣ ምንም ሳይነካ ገለበጠ፤ እሷ ከትከሻው ኋላ ቆማ። ዕድሜውን ሙሉ ሳያሳምር የሠራው ሥራ ይኸ ብቻ ይመስላል፤ የሚሰማም እሱ ብቻ ነው።

እዚያው ሆና ዱርቤቴ ከተማ ለሚያስተምረው ለይታገሱ ደወለች።

«የአባባን ምርቃት አገኘሽው?»

«ምርቃቱ የለም። ቁጣቸውን አግኝቻለሁ። ባዬን ሲቆጡት።»

«ቆርቆሮ ብለው?»

«ቆርቆሮ ብለው።»

ይታገሱ ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። «እሱን ረስቼው! እሳቸው ናቸው በቃ… አስቀምጪልኝ፣ እመጣለሁ።»

ባዬ ለፋይሉ ስም ሊሰጥ ጣቶቹን ገበታው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። «‹ምርቃት› ልበለው?»

«ምርቃት አይደለም። በውስጡ ያለውን ጻፍ።»

«ምን ብዬ?»

«‹መሪጌታ እንዳለው ካሜራማኑን ባዬን ሲቆጡ›።»

«ስሜን እንኳ አልጠሩም እኮ!»

«ሠርጉን የቀረጸው ሌላ ነው?»

ባዬ አንገቱን ደፍቶ፣ ፊደል በፊደል እየለቀመ፣ ራሱ በጣቱ ጻፈው። «ካሜራማን»ን ተሳስቶ ነበር፤ እሱን ብቻ አሳረመችው።