የመጽሔቱ ሽፋንና ወንድሜ ሰይድ

ይህ የደረሰብኝ በጣሊያን ዘመን፣ ሸዋ ሮቢት ሳለን ነው። ስንት ዘመን አለፈው፤ እኔ ግን ልረሳው አልቻልኩም። ካሜራ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር ዛሬም ፊቴን አዞራለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ከአርበኞች ጋር ወደ ጣርማ በር ተራሮች ገብቶ ነበር። እናታችን ስትሞት ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አልፎ አልፎ ተደብቆ ይመጣና በሶና ቆሎ አሲዤ እሸኘዋለሁ። ከእኛ ቤት በቀር የማንንም ደጃፍ አይረግጥም ነበር።

አንድ ቀን ሁለት ጣሊያኖች አስተርጓሚ ይዘው መጡ። አንዱ ሰዓሊ፣ ሌላው ፎቶግራፍ አንሺ ነው። አገራቸው ለሚታተም መጽሔት ሽፋን የሚሆን ነገር ፍለጋ ነው አሉን። ግራሩ ጥላ ሥር አሮጌ መጽሔቶች ዘርግተው ሲጨቃጨቁ ዋሉ። አስተርጓሚው እየሳቀ ነገረን። ሰዓሊው፣ «ሽፋን ከሩቅ መታየት አለበት፤ አንድ ትልቅ ሥዕል፣ ሁለት ሦስት ደማቅ ቀለም ይበቃዋል» ይላል። ፎቶግራፍ አንሺው ደግሞ፣ «ሰው ሥዕል አያምንም፤ የሚያምነው የእውነተኛ ሰው ፊት ሲያይ ነው» ይላል። ምን አገባን ብለን ወደ ሥራችን ሄድን።

አመሻሹ ላይ አባቴ ከማሽላው እርሻ ሲመለስ ወተት በቅል ሰጠሁት። እኛ ዘንድ ለአባት በአንድ እጅ አይሰጥም፤ በሁለት እጅ ይዞ፣ አንገት ደፍቶ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ይህን ጊዜ አነሳን። ልቆጣ ስል አባቴ፣ «ተይው ልጄ፣ አንስቶ ይሂድልን» አለኝ።

ከወራት በኋላ መጽሔቱ መጣ። ሽፋኑን ገበያው አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ለካ ሁለቱ ታርቀው ኖሯል! እኔን ከፎቶግራፉ ቆርጠው አወጡኝ፤ አባቴን ጣሉት። በእሱ ቦታ ከሌላ ፎቶግራፍ የተቆረጠ የጣሊያን መኮንን አቆሙ። ሰዓሊው ከኋላችን ባንዲራና ተራራ ቀባበት። በሁለት እጄ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ለጣሊያን ወተት ሳቀርብ ይታያል።

ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ፣ «ወላሂ ዘሀራ፣ አንቺ ነሽ!» አሉ።

«የሰጠሁት እኮ ለአባባ ነው፣ እትዬ!»

«ታዲያ አባትሽ የታሉ?»

 

ወረቀቱ ተራራው ድረስ ወጣ። ሰይድ መምጣቱን ተወ። አባቴ ወደ አሊዩ አምባ በሚሄድ ነጋዴ ቃል ላከበት። ነጋዴው ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ ነበር። «ጋሼ፣ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ‹አባባ ሊሸፍንላት ነው። ሥዕል ቢሆን ባላመንኩ፤ ይህ ፎቶግራፍ ነው› አለኝ» ብሎ ነገረን።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንድ የሰይድ ጓደኛ ቤታችን መጣ። ሰይድ ጀውሃ አጠገብ ቆስሎ ነበር አለን። «‹እህትህ ቅርብ ናት፣ እንውሰድህ› ብለን ለመንነው። ‹ከእሷ እጅ ውሃ አልጠጣም› አለን።» እዚያው ሞተ።

አባቴም ብዙ አልቆየም። ሰዎች፣ «አላህ ያውቅልሻል» እያሉ ያጽናኑኛል። አላህማ ያውቃል፣ አልጠራጠርም። ወንድሜ ግን ጠልቶኝ ሞተ። ይህን የሚያቃናልኝ ሰው የለም፤ እኔም መጠበቁን ትቻለሁ።