ከቀይ አበባ የወጣው ነጭ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። እትዬ አማረችን ከሥራ ያስባረርኳቸው እኔ ነኝ።

ቦንጋ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አትክልተኞች ነበርን፤ እሳቸውና እኔ። አንድ ዓመት ግቢው ከዳር እስከ ዳር ቀይ አበባ ለበሰ። ኃላፊው ወደደውና "ለከርሞም ቀይ ብቻ ይሁን" አለ። እትዬ አማረች ዘሩን ከነዚያው ቀዮች ለቀሙ። አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ፤ እጃቸው ሌላ ዘር አልነካም። በከርሞው ግን በቀዩ መሀል ነጭ ፈነዳ። እዚህም ነጭ፣ እዚያም ነጭ።

ግምገማ ተጠራ። የዚያን ዘመን ግምገማ ታውቁታላችሁ፤ ሂስ እየተባለ ሰው የሚበላበት። ሰብሳቢው "ማነው የቀላቀለው?" አለ።

"ልጄ፣ እኔ ቀይ ዘራሁ፤ ነጩን አፈሩን ጠይቀው" አሉ እትዬ አማረች። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ለእንጀራዬ ፈራሁ። ተነሣሁና "ነጭ ዘር በነጠላቸው ቋጥረው ሲያመጡ አይቻለሁ" አልኩ። አይቻለሁ አልኩ! ምኑን አየሁ? እሳቸው ተባረሩ፣ እኔ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ራሴን እንዲህ ስል አባበልኩት፦ ቀይ ነጭ አይወልድም፤ እኔ ሳላይ ቀላቅለው ይሆናል፤ ውሸቴ እውነት ይሆናል። እንዲህ እያልኩ ዓመታት ኖርኩ።

ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፣ በማታ ትምህርት። አንድ ቀን የሳይንስ መምህሩ ሰሌዳው ላይ አበባ ሣለ። ቀይ አበባ ከአያቱ የወረሰውን ነጭ በውስጡ ደብቆ ሊይዝ ይችላል፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ቀዮች ሲዳቀሉ ከልጆቻቸው አንዳንዱ ነጭ ይወጣል አለ። "ገባችሁ?" ሲል ጠየቀ። ገባኝ። ምነው ባልገባኝ! ምን ሊያደርግልኝ ተማርኩ?

ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። እትዬ አማረችን ኮረሪማ ሲሸጡ አገኘኋቸው።

"አንተ ወልዴ! ዛሬም ነጩ ያስቸግርሃል?" ብለው ሳቁብኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል "ደህና ነዎት?" ብቻ ነበር። ኮረሪማ ገዛሁ፤ መረቁልኝ። ተቀብዬ ሄድኩ።

አሁን የሉም። በቀብራቸው ዕለት ልጃቸው እጄን ይዛ "ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎ እንኳ አልረሷትም" አለችኝ። ለእሷም አልነገርኳትም።

የአበባውን ነገር አላወቅኩም ነበር። እንደዋሸሁ ግን ቃሉ ከአፌ ከወጣ ጀምሮ አውቅ ነበር። ስለዚህ ባለማወቅ ነው አልልም፤ እናንተም አትበሉልኝ።