የቁጢጥ አጥንት

ወንድሜ እንዳላማው ደብረ ማርቆስ ውስጥ መኪና ጠጋኝ ነበር። የእሱ ስም ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያች ቀይ መኪና ነው። ከእሷ በፊት የነበረውን ካልተናገርኩ ግን ነገሩ አይገባም።

አባታችን አቶ አበረ ብረት ሠራተኛ ነው። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር ይሠራል። ገበሬው በማረሻው ያርሳል፣ በማጭዱ ያጭዳል፣ ከቤታችን ገብቶ ግን ውኃ አይጠጣም። ለእኛ ዓይነቱ ሰው የወጣ ስም አለ። ቀጥቃጭ ይሉናል፤ የባሰባቸው ቡዳ ይላሉ። አባባ ያንን ቃል በቤቱ አስጠርቶ አያውቅም። እንዳላማው ትንሽ ልጅ ሳለ መንገድ ላይ የሰማውን ይዞ ገብቶ ሲደግመው፣ አባባ መዶሻውን አስቀመጠና «እዚህ ቤት ብረት ሠራተኛ ነው የሚባለው» አለው። አልመታውም። ከዚያ ወዲያ ማናችንም አላነሣነውም።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ደምለው የሚባል የባላባት ልጅ አየኝና ሽማግሌ ላከ። አዲስ ሰፈር ገብተን ስለነበር የመጡት ሰዎች ማን መሆናችንን አላወቁም። ተቀምጠው ጠላችንን ጠጡ፣ መረቁ፣ ቀን ቆረጡ። እኔም ላገባ ነው ተብዬ ትምህርቴን ተውኩ። ኋላ እናቱ ወይዘሮ ወለላ አጥንት ማስቆጠር ጀመሩ። አጥንት መቁጠር እስከ ሰባት ቤት ወደ ኋላ ሄዶ የማን ዘር ነው ብሎ መጠየቅ ነው። ከእኛ ግን ሰባት ቤት መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ ከአባባ መዶሻ ላይ ቆሙ። አንድ አሽከር ላኩ። በር ላይ ቆሞ «አጥንቱ አልሆነም ብለዋል» አለ። ግባ ብንለው አልገባም። ትምህርት ቤት ብመለስ ከጎኔ የሚቀመጥ ሰው አላገኘሁም። በዚያው ቀረሁ።

እንዳላማው ያኔ ጋሽ አብዱልዋሂድ ጋራዥ ይማር ነበር። ጋሽ አብዱልዋሂድ ስለ አጥንት የማይጠይቁ ሰው ነበሩ፤ የሚጠይቁት ብሎኑ ጠብቆ እንደሆነ ብቻ ነው። ወንድሜ የዚያን ዕለት ማታ ገብቶ ነገሩን ሲሰማ እጁን ታጠበና ምግቡን ሳይነካ ተኛ። አልጮኸም፣ አልዛተም። እንዳላማው ዝም ካለ ነገሩን አስቀምጦታል ማለት ነው።

ዓመታት አለፉ። ጋሽ አብዱልዋሂድ አርጅተው ጋራዡን ለወንድሜ ለቀቁለት። በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ደምለው ከአዲስ አበባ አንዲት አሮጌ የውድድር መኪና ነድቶ መጣ። አገሩ ከሚገባ ፈረንጅ ላይ የገዛት፣ የእንግሊዝ ሥራ፣ ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ናት። ለአስፋልት የተሠራች ስለሆነች የእኛ አገር ኮረት ጀርባዋን ሰብሮት ነበር። ስትሄድ ኋላዋ መሬት ይልሳል። የከተማው ሰው በአንድ ቀን ስም አወጣላት፤ ቁጢጥ አሏት።

ደምለው ደግሞ በጥር ሊያገባ ነው። ሙሽራዋ ያለምወርቅ የሮብ ገበያ ልጅ ናት፤ የመሪጌታ ጥሩብርሃን የልጅ ልጅ። በዚህች መኪና ነው የማመጣት ብሎ ለከተማው ሁሉ አውርቷል። ወደ ሮብ ገበያ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይስቅበታል። ቁጢጥ ባዶዋን የማትወጣውን ዳገት፣ ከነሙሽራዋና ከነሣጥኗ ልትወጣ ነው። ሌሎቹ ጠጋኞች አንችልም ስላሉት ወደ ወንድሜ መጣ። እኔ ምሳ ይዤ ሄጄ ስለነበር ከውጭ ሆኜ ሰማሁት። የድሮውን እንዳላየ አለፈው። ኋላዋን ከፍ አድርግልኝ፣ አጠንክርልኝ፣ ዕቃው ከውጭ ይምጣ አለ። ሊወጣ ሲል ግን ዘወር ብሎ፣

«አንድ ነገር አደራ» አለው። «የአባትህ መዶሻ እንዳይነካት።»

«እሺ፣ አቶ ደምለው» አለ ወንድሜ።

ምሳውን ሳቀርብለት ፊቱን አየሁት። የዚያ ማታ ፊት ነበር።

ዕቃውን ፍለጋ እውነተኛ ፍለጋ ነበር፤ አላስመሰለም። ባሌስትራ ከመኪናው ጀርባ ሥር ተደራርቦ የሚታሰረው ዝርግ ብረት ነው፤ ሸክሙንም ጉድጓዱንም የሚችለው እሱ ነው። እያንዳንዱን ዝርግ ብረት ወንድሜ አጥንት ይለዋል። የቁጢጥ ዋናው አጥንት በሁለቱም በኩል ተሰንጥቋል፣ የቀሩት ተለጥጠው ገበታ መስለዋል። አሥመራ በሚመላለስ ሾፌር ቢያስጠይቅ የለም ተባለ። አዲስ አበባ ወርዶ መርካቶ ያለውን የብረት ክምር ሲያገላብጥ ሰነበተ። በመጨረሻ ከአንዲት ተገልብጣ ከተጣለች እኅቷ ላይ ሁለት ዋና አጥንት ፈትቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ንዝረቱን የሚይዘውን ሾክ አብሶርበር ከትንሽ ፊያት ላይ ወስዶ መያዣውን በልኳ አስተካከለ። የቀሩት አጥንቶች ግን ከየትም ጠፉ።

እነዚያን አባባ ሠራቸው። ከተጣለ የጭነት መኪና ባሌስትራ ላይ ቆረጠ፣ አግሎ አሳሳ፣ ጎበጥ አደረገ፣ ዘይት ውስጥ ነከረና እንደገና በቀስታ አሞቀ። የማን እንደሆነ ያውቃል። ለደምለው ነው ስለው «ሥራ ነው» አለኝ። እንዲያውም ደስ ብሎታል። የእኔን ሠርግ ያፈረሰ መዶሻ ለሠርግ ሲሠራ ማየት የወደደ ይመስለኛል። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ የራሱን ምልክት መታ፤ ሦስት ነጥብ ናት። በማጭዱም በማረሻውም ላይ ያቺው ናት።

እኔ ግን ፈራሁ። ወንድሜ ብረቱን አበላሽቶ ገደል ሊሰደው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ብቻውን ሳገኘው ጠየቅሁት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝና ተቆጣ።

«በአባባ ሥራ ነው ሰው የምገድለው?»

«ታዲያ ለምን ትደክምለታለህ?»

«ዝም በይ፣ ጤናዬ። ይቀመጥበት።»

በሠርጉ ቀን ቁጢጥ ቁጢጥነቷ ቀርቶ ኋላዋ እንደ ወይፈን ተነሥቶ ከከተማ ወጣች። ደምለው ነጭ ሱፍ ለብሶ ይነዳል። ወንድሜ ክሪክና ቁልፉን ይዞ፣ መንገድ ላይ ብትበላሽ ብለው፣ በአብዱልቃኒ ላንድሮቨር ከኋላ ሄደ። አብዱልቃኒ የነጋዴ ልጅ ነው፤ ከወንድሜ ጋር አብረው ያደጉ። እዚያ የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው።

ያለ አንዳች ችግር ሮብ ገበያ ደረሱ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተዘፈነ። ሙሽራዋ ስትወጣ መሪጌታ ጥሩብርሃን ከዳሱ ወጥተው መኪናዋን ዞረው አዩ። ቅኔ አስተማሪ ናቸው፤ ቃል ካላጣመሙ አይሆንላቸውም። የደምለውን አጥንት ራሳቸው ቆጥረው ነው የልጅ ልጃቸውን የሰጡት።

«የሙሽራውን አጥንት እኔ ቆጥሬያለሁ» አሉ መኪናዋን በመቋሚያቸው ነካ አድርገው። «የዚችንስ ማን ቆጠረ?»

ሰዉ ሳቀ። ደምለውም ስቆ፣ «የእሷ አጥንት ከእንግሊዝ አገር ነው፣ መሪጌታ» አለ።

ወንድሜ ይችን ነው የጠበቀው። ክሪኩን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ቆጥሬያለሁ፣ መሪጌታ» አለ። «በየጎኑ ሰባት ነው። አንዱ የእንግሊዝ ነው። ስድስቱን የቀጠቀጠው አባቴ ነው።»

«አባትህ ማነው?»

«ቀጥቃጩ አበረ።»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ፣ «ያ ቡዳ የሚሉት?» አለች።

«አዎ» አለ ወንድሜ። «ቡዳው።»

ከበሮው ቆመ። ደምለው ውሸቱን ነው ብሎ ጮኸ። ወንድሜ ድምፁን ሳያነሣ፣ ሦስት ነጥብ አለበት፣ ጎንበስ በልና እይ አለው። የሮብ ገበያ ሰው ያቺን ምልክት ያውቃታል፤ በየቤቱ ማጭድ ላይ አለች። ደምለውም ሳያስበው በነጭ ሱፉ፣ የድግሱ ውኃ የተደፋበት ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ከመኪናው ሥር አየ። ሲነሣ ጉልበቱ ላይ ያለው ጭቃ ተናገረለት። የሙሽራዋ እናት ልጇን በቀሚሷ ጎትታ ወደ ኋላ መለሰቻት። ሠርጉ አልፈረሰም፤ ቃል ተሰጥቷል፣ ከብት ታርዷል። መሪጌታ ግን ልጄ በዚያ ብረት ላይ ተቀምጣ ከደጄ አትወጣም አሉ። ሙሽሮቹን በአብዱልቃኒ ላንድሮቨር ጫኗቸው። ወንድሜን ደግሞ በዚያው ትተውት ሄዱ።

እኔና አባባ ይህን ሁሉ አላወቅንም። ከከተማው መውጫ፣ ጎርፍ መንገዱን የቆረጠበት ቦታ ላይ ቆመን እንጠብቃለን። አባባ ሥራውን ሸክም ላይ ሆኖ ማየት ፈልጎ ነው ይዞኝ የሄደው። ላንድሮቨሩ አለፈ። ደምለውን ከስንት ዓመት በኋላ በቅርብ አየሁት፤ ጉልበቱ ጭቃ ነው፣ ወደ እኛ አላየም። ቀጥሎ ቁጢጥ መጣች፣ ሚዜው ብቻውን ይነዳታል። ቦዩ ላይ ስትደርስ ኋላዋ ዝቅ አለ፣ ወዲያው ተመልሶ ጸጥ ብሎ ቆመ።

«አየሽ?» አለኝ አባባ። «አልተቀመጠችም።»

«አየሁ፣ አባባ።»

«ሙሽራዋ ለምን ከዚያኛው ላይ ሆነች?»

አላውቅም አልኩት።

አመሻሽ ላይ አብዱልቃኒ እየሳቀ መጣ። በር ላይ ቆሞ ጀመረልኝ፤ ክሪኩን፣ መሪጌታን፣ ነጩን ሱፍ። እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ የሳቅሁበት ቀን አላስታውስም። ደምለው ጭቃ ላይ የተንበረከከበትን ደግመህ ንገረኝ አልኩት፤ ነገረኝ። አባባ ከጓዳ ወጥቶ ተቀመጠ። አብዱልቃኒ «እንዳላማው ምን አለ መሰለሽ?» ብሎ አፉ ላይ ያለውን ሊያወጣ ሲል አባባን አየና ዋጠው።

«ምን ብሎ ጠራኝ?» አለ አባባ።

«ብረት ሠራተኛው አበረ አለ፣ ጋሽ አበረ።»

«እንደዚያ ቢለኝማ» አለ አባባ፣ «ሙሽራዋ ከዚያኛው ላይ አትሆንም ነበር።»

በማግሥቱ እንዳላማው በገበያተኛ መኪና ተጭኖ ገባ። ፊቱ በርቷል። «ብድርሽ ተመለሰልሽ?» አለኝ። «ተመለሰልኝ» አልኩት፤ አልዋሸሁም። አባባ ሰላምታውን መለሰለት፣ ቁርሱን አብሮት በላ፣ ስለ ሠርጉ አንድም ቃል ሳይጠይቀው ወደ ሥራው ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋራዡን አልረገጠም። ወንድሜ የሚቀጠቀጥ ነገር ይዞ ሲመጣ ሥራ በዝቶብኛል ይለዋል። ቀኑን ሙሉ ግን ምድጃው ጭስ የለውም። እንዳላማው ገብቶታል። ይቅርታ ለማለትም ቃሉን ደግሞ ማንሣት ሊኖርበት ነው፤ አልቻለም።

ደምለው ባሌስትራውን አስፈትቶ ከግቢው ውጭ አስጣለው። ሌላ ቢያፈላልግ ከየትም አላገኘም፤ ከዚህ በፊትም አልነበረ። ቁጢጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዶሮ ይፈለፈልባታል ሲሉ ሰማሁ፣ ደስም አለኝ።

አባባ የተጣለውን ሰምቶ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ሄዶ ለቅሞ ተሸክሞ አመጣው። ከምድጃው አጠገብ ከመረውና ወደ ጋራዡ ዞሮ ተጣራ።

«እንዳላማው፣ ና ያዝልኝ።»

ወንድሜ እየሮጠ መጣ። ጉጠቱን ይዞ ቆመ፣ አባባ መታ። ከዚያ ሁሉ አጥንት ማጭድ ወጣ። ያንን ስም የጠራ የለም፣ ያለፈውንም ያነሣ የለም።

ኅዳር ላይ ማጭዱን ገበያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የደምለው እርሻ አዛዥ ጤፍ ደርሶበት መጣ። አላወቀኝም። አንዱን አንሥቶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረና ወደደው። የሁሉንም ነጥብ በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልዬ ነበር።

«ጥሩ ብረት ነው?» አለኝ።

«ከእንግሊዝ አገር የመጣ ነው» አልኩት። ለአጫጆቹ ሁሉ ወሰደላቸው።