ደረቁ ጥግ

እኛ ዘንድ የእህትህን ባል ካልቀለድክበት እንደናቅኸው ይቆጠራል። ስለዚህ የእህቴን የታማንዳን ባል፣ ዮታሙ ሳካላን፣ አምቼው ብጀምር ማንም አይቀየመኝ። ዮታሙ ኩሩ ነው። አረማመዱ ቀስ ያለ፣ መዝሙር ላይ ደግሞ የሌላው ሰው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ የሚያጓራ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሣር ቤት በመክደን በወረዳችን በካቴቴ ዙሪያ የሚስተካከለው የለም። የገዛ ቤቱ ሰንበሌጥ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጫፉ ዙሪያውን እኩል ይወርዳል። ሰዎች እንግዳ ሲመጣባቸው አዙረው ያሳዩታል። እሱም በሩ ላይ ተቀምጦ እንዳላየ ይሆናል።

ክፉ ሰው አልነበረም። ሰው ሲሞት መቃብር ለመቆፈር ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ወንዶች በየዓመቱ፣ በቆሎው ገብቶ ሣሩ ሲደርቅ፣ ቤቶቹን ተከፋፍለን ለመበለቶች በነጻ እንከድናለን። ለእሱ የደረሱት አጎጎ ዜሊፓ ነበሩ። ትልቅ ትንሹ አጎጎ፣ አያቴ፣ የሚላቸው፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ቀጭን አሮጊት ናቸው።

ያን ዓመት ሰደድ እሳት ሜዳውን ቀድሞ ስለበላው ረጅም ሰንበሌጥ ጠፋ። ዮታሙ እንደምንም ያገኘውን ጥሩ ሣር የራሱን ቤት አደሰበት። ከራሱ ጣሪያ ያወረደውን አሮጌውን፣ ምስጥ የቀመሰውን፣ ሲነኩት የሚሰባበረውን ወደ አጎጎ ዜሊፓ ወሰደው። ከላይ ከላይ ስስ አዲስ ሣር አለበሰው፤ ከመንገድ ለሚያየው ያምር ነበር። ሣሩ አላዳርስ ሲለው የኋለኛውን ጥግ ሟቹ ባላቸው እንደከደኑት ተወው። ለምጽዋት በተሠራ ጣሪያ ላይ ማን ወጥቶ ያያል? ይህን ያኔ ማንም አላወቀም፤ በኋላ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

ከዚያ ስሙ ለሽማግሌነት ቀረበ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበሩ ይህን ቀን ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲመኘው ኖሯል። እኛ ጋ ሰው ሽማግሌ ከመሆኑ በፊት ያገለገለው ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ ይመሰክርለታል፤ ምስክሯ አጎጎ ዜሊፓ እንዲሆኑ ተወሰነ። ከእሳቸው የተሻለም አልነበረም። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ በሴቶች ጸሎት ላይ “ጌታ ሆይ፣ የከደነኝን ሰው አንተ ክደነው” ሳይሉ ውለው አያውቁም። ያስላቸዋል ደግሞ። እርጅና ነው ብለን ተውነው።

ጥር ላይ፣ እኛ አገር ዝናቡ በሚጠናበት ሰሞን፣ ምስክርነቱ ሊሰማ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ዮታሙ ከወፍጮ ቤት በብስክሌት ዱቄት ጭኖ ሲመለስ ሰማዩ ተቀደደበት። ዱቄቱ እንዳይርስበት ቅርብ ወዳገኘው ቤት ሮጠ። የአጎጎ ዜሊፓ ቤት ነበር።

እሳቸው አፋፍሰው አስገቡት። ዱቄቱንም እሱንም የኋለኛው ጥግ ውስጥ አስቀመጡና ራሳቸው መሀል ቤት፣ በርጩማ ላይ፣ ላስቲክ ተከናንበው ተቀመጡ። ዮታሙ ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ ቤቱን አየ። ድስቱ፣ ሳፋው፣ ጣሳው፣ ውሃ መቅጃው ቅል ሳይቀር መሬት ላይ ተደርድሮ ከጣሪያው የሚወርደውን ይቀበላል። የሚተኙበት ሰሌን ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል፤ ጫፉ ሻግቷል። አሮጊቷ ቀና ብለው ሳያዩ እጃቸውን እየሰደዱ ድስቱን ወዲህ፣ ጣሳውን ወዲያ ያደርጋሉ። እያንዳንዱ ጠብታ የት እንደሚወድቅ ያውቁታል። የሚያወሩት ስለ እሱ ልጆች ነበር፤ ትንሿ ጥርስ አወጣች ወይ እያሉ ይጠይቁታል።

ዮታሙ ጣሪያው ላይ የነበረውን የገዛ እጁን ሥራ ከታች ሆኖ እያየው ነበር። 

“አጎጎ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ?” አላቸው።

“ከመጀመሪያው ዝናብ።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“ኧረ ልጄ፣ በነጻ ለሠራልኝ ሰው ያፈሳል ብዬ በየት አፌ ልናገር?”

ቦታ እንለዋወጥ፣ እርስዎ እዚህ ይቀመጡ ብሎ ሊነሳ ሲል በእጃቸው መልሰው አስቀመጡት። ጥጉ የሟቹ ባላቸው ሥራ ስለሆነ እስካሁን ጠብታ አያስገባም፤ እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው እዚያ ነው አሉት። ለራሳቸውስ ሌሊት ሌሊት ሰሌናቸውን ወደዚያ አይስቡም ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ጥጉ ጠባብ ነው፤ በቆሏቸውን ያኖሩት እዚያ ነው፤ በቆሎው ከረጠበ የሚበሉት የላቸውም። የዮታሙን ዱቄት ለማስገባት የገዛ በቆሏቸውን ከጥጉ ወደሚያፈሰው በኩል ገፋ አድርገውት እንደነበር ያየው ያን ጊዜ ነው።

“እሁድ ቆመሽ ተናገሪ ብለውኛል” አሉት ዝናቡ ሲያባራ። “ከድኖልኛል እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ከድነህልኛል።”

ፊታቸው ላይ ነቀፋ ፈለገ። ቢያገኝ ይቀለው ነበር፤ አላገኘም።

ያን ቀን ንሲማው፣ የበቆሎ ገንፎው፣ ቀርቦለት ሳይነካው ተነሳ። በማግስቱ ጠዋት ታማንዳ ወደ ቤቴ እየሮጠች መጣች፤ ባሌ አበደ አለች። ስደርስ ዮታሙ የገዛ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያንን አገር የሚያየውን ሰንበሌጥ ልጡን እየቆረጠ ያወርዳል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አፉን ይዞ ያያል።

“አላሙ” አልኩት፤ እኛ አማቾች የምንጠራራው እንዲህ ነው፤ “በጥር ጣሪያ የሚገፍፍ ነፋስ ብቻ ነበር። አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?”

አልሳቀም። መሰላሉ ላይ ስወጣ ጎረቤት በማይሰማው ድምፅ ሁሉን ነገረኝ። ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም፤ እጁ ሥራውን አላቆመም። ሣር የሚታጨደው በደረቅ ወራት ነው፤ አሁን ሜዳው ላይ ያለው ለጋ ስለሆነ ይበሰብሳል። በአካባቢው የደረቀ ረጅም ሰንበሌጥ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፣ እሱም እግሩ ሥር ነው።

እህቴ ከታች ሆና ለነፍሱ ሲል የኛን ራስ ሊያራቁት ነው እያለች ታወርድበት ጀመር። “ጽድቁ ቀርቶብኝ በቅጡ በኮነነኝ!” አለችው። “ልጆቼስ?”

“ግማሹን እተውላችኋለሁ። ልጆቹ ደረቁ ጥግ ይተኛሉ” አላት።

ከዚያ በኋላ የምቀልድበት ነገር አጣሁ። ሣሩን ተሸክሜለት ወደ አጎጎ ዜሊፓ ቤት ሄድኩ። ዝናብ ባባራ ቁጥር እየወጣን፣ ሲመጣ እየወረድን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጨረስነው። የሟቹን ጥግ አልነካውም፤ አዲሱን ከአሮጌው ጋር አጋጥሞ አሰረው። ሲወርድ አጎጎ ዜሊፓ በር ላይ ቆመው ነበር።

“እሁድ እውነቱን ይናገሩልኝ” አላቸው አንገቱን ደፍቶ።

“የቱን?” ብለው ጠየቁትና መልሱን ሳይጠብቁ ጣሳዎቻቸውን ለመሰብሰብ ገቡ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ጎረቤት ያየውን አይቷል፤ ግማሽ ጣሪያው መላጣ የሆነው ቤት ለምን እንደተገፈፈ ለመስማት ከሌላ መንደር የመጣም ነበር። መጋቢው አጎጎ ዜሊፓን ጠሯቸው። ነጭ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ አንድ ጊዜ ሳል አድርገው ቆሙ።

“ዮታሙ ሁለት ጊዜ ከድኖልኛል” አሉ። “ሁለተኛውን እኔ አየሁት፣ እግዜር ይስጠው። የመጀመሪያውን እሱ ይንገራችሁ።” ተቀመጡ።

ዮታሙ ተነሳ። ያ የሚያጓራ ድምፁ ጠፍቶ ከኋላ የተቀመጡት ጆሯቸውን አዘነበሉ። አሮጌውን ሣር፣ ከላይ ያለበሰውን፣ የተዘረጉትን ድስቶች፣ የተቀመጠበትን ጥግ፣ ምንም ሳያስቀር ተናገረ። ከሽማግሌነቱ ስሜን አውጡልኝ ብሎ እጁን አፉ ላይ አደረገ። 

እሱ ገና እንደቆመ ዝናቡ መጣ። የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ጣሪያ ሲደበድበው ሌላ ምንም አልተሰማም። ወንዶቹ ሁላችን መሬት መሬት አየን፤ እያንዳንዳችን የከደንነውን ቤትና የወሰድንለትን ሣር እያስታወስን። መበለቶቹ እዚያው ማዶ፣ የሴቶቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀና ብሎ ሊያያቸው የደፈረ አልነበረም።