ሠላሳ አንድ ከአርባ

ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ገብረዋሕድን የማያውቀው የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኤርፖርት፣ ካርጎ ክፍል ሰነድ ሲያጣራ የኖረ ሰው ነው። ወረቀት ሲሰጡት የሚያየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቁጥሩንና ማኅተሙን። ተሳስቼ አላውቅም ብሎ ይምላል። መሳሳቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ቢደርሰውስ መቼ ያነበዋል!

ቤቱንም እንደ መሥሪያ ቤቱ ነው የያዘው። ባለቤቱ አስመረት ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አርባዋ በወጣ ማግስት «በቃ፣ ለቅሶ አበቃ፤ አሁን ወደ ትምህርት!» ብሎ አወጀ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ልጁ ከሰምሃል ጋር የሚያወሩት ስለ ውጤት ብቻ ሆነ።

«ሂሳብ ስንት አመጣሽ?»

«ዘጠና አንድ።»

«ዘጠኙስ የት ሄደ?»

ይኼ እንግዲህ የአባትና የልጅ ጨዋታ መሆኑ ነው።

ታዲያ አንድ ዓርብ ሰምሃል ከምትማርበት የግል ትምህርት ቤት የታሸገ ፖስታ ደረሰው። ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ፈዲላ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች መጠይቅ አድላ ነበር። «ብዙ ጊዜ ይከፋኛል»፣ «እንቅልፍ አይወስደኝም»፣ «በእረፍት ሰዓት ብቻዬን ነኝ» የሚሉ ሃያ ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ልጁ ስለ ራሱ «በፍጹም»፣ «አንዳንዴ» ወይም «ሁልጊዜ» የሚለውን ያከብባል፤ ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት ይያዝለታል። ድምሩ ከፍ ባለ ቁጥር ልጁ የባሰ ተጨንቋል ማለት ነው። ለልጆቹ ማንም አያይባችሁም ተብለው ነበር። ርእሰ መምህሩ ግን «ከፋዩ ወላጅ ነው» ብለው ውጤቱን ወደየቤቱ አስላኩት።

ደብዳቤው ሁሉንም አስረድቶ «ሰኞ ጠዋት መጥተው ቢያነጋግሩን» ይላል። ገብረዋሕድ ግን ከግርጌው ያለውን አየ፦ 31/40፣ ከክፍሉ ከፍተኛው። ማኅተምም አለበት።

እሰይ! ልቡ ቅቤ ጠጣ። እየሮጠ ምድር ላይ ወዳለው የሙኽታር ሱቅ ወረደና አንድ ሳጥን ለስላሳ አዘዘ።

«ሙኽታር፣ ልጄ አንደኛ ወጣች!»

«ማሻአላህ! በምን ትምህርት፣ ጋሼ?»

«በ… በጠባይ ነው መሰለኝ። ስሜት የሚልም አለበት።»

«ጠባይ ደግሞ ይፈተናል እንዴ?»

«ዘመኑ ነዋ! አንተ ደግሞ ሱቅህ ውስጥ ተቀብረህ ምን ታውቃለህ?»

ሰምሃል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃው ላይ እየተቀበለ «እንኳን ደስ ያለሽ!» እያለ ሳማት። ወረቀቱን አባቷ እጅ ላይ ስታየው ክው ብላ ቀረች። አንገቷን ደፋች።

«ትሑት ናት፤ እኔን ነው የወጣችው» አለ ገብረዋሕድ ለጎረቤቶቹ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ዘጠኙን ግን የት ጣልሽው?» አላት።

ሰኞ ጠዋት ከረባቱን አስሮ፣ ለምስጋና የተጠራ መስሎት፣ አማካሪዋ ቢሮ ገባ። ፈዲላ ወንበር ሰጠችው።

«አቶ ገብረዋሕድ፣ ሠላሳ አንድ ጥሩ ውጤት አይደለም። ልጅዎ በጣም ተጨንቃለች። እንቅልፍ የላትም፤ የምታዋየውም ሰው የላትም።»

ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይላል? ልጄን! ይላላ። ገብረዋሕድ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ድጋሚ ፈተና ይሰጣት!»

«ፈተና እኮ አይደለም…»

«ስሚ አንቺ ልጅ! ሳትዘጋጅ ነው የተፈተነችው። ቤት ወስጄ እኔው ራሴ አስጠናታለሁ።»

ከጠረጴዛዋ ላይ አንድ ያልተሞላ መጠይቅ አንሥቶ እብስ አለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! እውነቱን ለመናገር፣ ሚኒባስ ውስጥ ላብ አጥምቆት ነበር። ፈርቷል ሰውዬው። ግን ለልጁ ይሁን፣ ወይስ ሙኽታርን ምን እንደሚለው ጨንቆት፣ ራሱም ለይቶ አላወቀውም።

ከሰዓት በኋላ ሰምሃል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሳሎን አስቀምጦ መጠይቁንና እስክሪብቶ ሰጣት።

«ስንት እንዳመጣ ነው የምትፈልገው?» አለችው።

«ዜሮ!» ይህን ቃል ለልጁ ሲመኝ በዕድሜው የመጀመሪያው ነው።

አንዱንም ሳታነብ ከላይ እስከ ታች «በፍጹም»ን አከበበች። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም።

«እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ደመረ። ዜሮ። አማካሪዋ መልሳ ብትጠይቃት እንዳትደናገር ብሎም አንዱን መርጦ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ጭንቀቴን የምነግረው ሰው የለኝም።» ልጅቷ «በፍጹም» ብላለች። ለካስ የምታዋየው ሰው አላት! ደስ አለው። ትንሽም ቅናት ቢጤ ወጋው።

«ጎሽ! ለመሆኑ ለማን ነው የምትነግሪው?»

ሰምሃል እስክሪብቶውን ከድና አስቀመጠች።

«ለወረቀቱ ነበር፣ አባዬ» አለችው።