ዝናቡ ካባራ በኋላ

ባለፈው እሁድ ቤታችን ከተደረገው የጸሎት ኅብረት በኋላ፣ አንዲት ልጅ ከእህቷ ጋር ልትታረቅ ተነስታ ከመንገድ መመለሷን ነገረችን። ታክሲ አጥታ አንድ ሰዓት ቆመች፣ ከዚያ ስልኳ ባትሪ ጨረሰ፣ ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ። «ጌታ በሩን ዘጋው» አለች፣ ቀለል ብሏት። ሁሉም አሜን አሉ፤ እኔንም አሜን አመለጠኝ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ብርጭቆ ሳጥብ፣ ያ ቀለል ማለቷ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። አውቀዋለሁ። ጁባ ውስጥ፣ ጀበል ገበያ አንድ ቆርቆሮ ሥር ቆሜ እኔም ልክ እንደዚያ ቀልሎኝ ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ አልተማርኩም፤ ሰው ፊት መናገርም ያስፈራኛል። ጁባ የአዲስ አገር ዋና ከተማ ከመሆኗ በፊት ነው። ኮሎሎ መንገድ ላይ ባለች አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ተቀጠርኩ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ መሠረት ነበረች። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ኒምራ ታላታ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ዓይን አፋርነቴን አይታ «ሙሽራዬ» ትለኛለች።

እዚያ ጠዋት የታሰበ ነገር ምሳ ሰዓት ላይ አይገኝም። ከኡጋንዳ ቲማቲም የሚያመጣው መኪና መንገድ ላይ ይቀራል፤ የውሃው ቦቴ ይመጣል ከተባለ በሦስተኛው ቀን ይመጣል። መቼ ነው ስንል መልሱ «ቡክራ» ነው፣ ነገ ማለት። መሠረት «ይሄ ቡክራ የሚሉት ሰውዬ የት ሰፈር ነው የሚኖረው? ሄደን እንቀስቅሰው እንጂ!» እያለች ታስቀኛለች። እኔ ግን ዕቅዴ በተበላሸ ቁጥር ከላይ የተላከ መልእክት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ቦቴው ሲቀር፣

«መሲዬ፣ ዛሬ እንዳናበስል ጌታ በሩን ዘግቶት ይሆናል» አልኳት።

«አይ ሙሽራዬ፣ የቦቴው ጎማ ነው የተነፈሰው። ጄሪካን አንሺ!»

አንስተን ሄድን። የበጋው አቧራ ቁርጭምጭሚት ድረስ ያሰምጣል። እሷ ከፊቴ መዝሙር እያንጎራጎረች ትሄዳለች፤ እኔ ከኋላ ሆኜ በመንፈሳዊ ነገር ትቀልዳለች ብዬ አዝንባታለሁ። ባዶ ጄሪካን ይዞ እየዘመሩ መሄድ ራሱ እምነት እንደሆነ ማን ይንገረኝ።

ነገሩ የሆነው ዝናቡ ሲገባ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የፍሪዘሩን ገመድ ከሶኬት ነቅዬ የጸሎት ኅብረት ቀሚሴን ተኮስኩ፤ መልሼ ሳልሰካው ወጣሁ። ሐሙስ እንግዳ ስላልነበረ ወጥ ቤቱ ተዘግቶ ዋለ። አርብ ማታ ደግሞ ሃያ ሰው ይጠበቅ ነበር። አርብ ጠዋት ክዳኑን ስንከፍት የዓሣውና የዶሮው ሽታ ከበር አስወጣን፤ ገመዱም እንደተነቀለ ተገኘ። የወጥ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ የሚያድረው መሠረት ጋ ነው። የማረፊያው ባለቤት ማማ ኛቦል ጋምቤላ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ፣

«ማን እንደነቀለው እስከ ሰኞ ትነግሩኛላችሁ። ካልሆነ ቁልፍ የያዘችው ትሄዳለች። ከላስ!» አለች፤ አለቀ፣ ሌላ ቃል የለም ማለቷ ነው።

ለመሠረት እንኳ አልነገርኳትም። ቅዳሜ ግን ጀበል ወዳለው የማማ ኛቦል ቤት ሄጄ ልናገር ቆረጥኩ። የምለውን ነገር ጠዋቱን ሙሉ እንደ ጥቅስ ሳጠና አረፈድኩ። የተሳፈርኩበት ሞተር ግማሽ መንገድ ላይ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። በእግሬ ቀጠልኩ። ገበያው ጋ ስደርስ ዝናቡ ወረደ። ባልዲና ሳፋ የሚሸጡበት ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ተጠግቼ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ከቆምኩበት የማማ ኛቦል ሰማያዊ በር ይታየኛል። ከጎኔ ቻፓቲ ይጠበሳል፤ ጎርፉ መሐል መንገዱን ይዞ የለውዝ ልጣጭ ይነዳል።

ከዚያ ዝናቡ አባራ። ይህን ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ፤ ዝናቡ አባርቷል። ደመናው ከተራራው ላይ ተነሳ፣ ባለሱቁ ውሃውን በመጥረጊያ እየገፋ «ያላ፣ ሂጂ» ብሎ በእጁ መንገዱን አሳየኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆምኩ ቀረሁ። ከዚያ ዞሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መንገድ ላይ «ጌታ ሆይ፣ በሩን ስለዘጋህ ተመስገን» ብዬ ጸለይኩ። ያጠፋሁት ብዙ ነው፣ እንደዚያ ጸሎት የሚያሳፍረኝ ግን የለም።

ሰኞ ድንች እየላጥን ሳለ ማማ ኛቦል ገባች።

«እህ? ማን ነው?»

መሠረት ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ። ቢላዋዬን እያየሁ ድንቼን መላጥ ቀጠልኩ። ቁልፉን ከሽርጧ ኪስ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እሺ ማማ» አለች። በዚያው ሳምንት ሩምቤክ የሚባል ሌላ ከተማ ሥራ አለ ተብላ ሄደች። ልሸኛት አልወጣሁም።

ሁለት ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አጣሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ገና ከቤት ሳልወጣ ዝናቡ ጀመረ፤ በዚያ ጭቃ ጀበል የሚወስደኝ ሞተር አልተገኘም። ጫማዬን በእጄ ይዤ ሄድኩ። በዚያ መንገድ ሁሉ ምልክት አልጠየቅኩም፤ «አብረኸኝ ሂድ» ብቻ ነው ያልኩት። ማማ ኛቦል በር ላይ ቆማ ሰማችኝ።

«አሁን ነው የምትነግሪኝ? እሷ ከሄደች በኋላ?»

አላባረረችኝም፤ ብታባርረኝ ይሻለኝ ነበር። መሠረት ጋ ደውላ ተመለሺ ብትላትም፣ ሌላ ሥራ ጀምሬያለሁ አለች። በእግዚአብሔር መታመን ምን እንደሆነ ትንሽ የገባኝ በዚያ ቀን ጭቃ ውስጥ ነው። ዋጋው የተከፈለው ግን በመሠረት እንጀራ ነው።

ባለፈው ዓመት ስልክ ቁጥሯን ከአንዲት ሴት አገኘሁ። አሁን ሐዋሳ ትኖራለች። ደውዬ ማን እንደሆንኩ ስነግራት «ሙሽራዬ!» ብላ ጮኸች። ሁሉንም ነገርኳት፤ እያለቀስኩ ስለነበር ግማሹ እንደተሰማትም አላውቅም።

«አውቅ ነበር እኮ፤ ረቡዕ ማታ ቀሚስሽን ተኩሰሽ ስትመጪ አይቼሻለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትናገራለች ብዬ ነዋ። ያን ሰኞ እስከ መጨረሻው ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩሽ።»

ይቅር እንዳለችኝ ነገረችኝ፣ ከልቧ መሆኑም ይታወቃል። ከዚያ ስለ ልጆቿ አወራችኝ። እግዚአብሔርም ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። የሚከብደኝ ሌላ ነው፤ በእኔ እንደዚያ የታመነ ሰው ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም፤ እሷ ስትጠብቀኝ ግን እኔ ድንች ነበር የምልጠው።