ኮሶዬ ኩርባ ላይ የሚይዘን

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ፣ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ የጭነት መኪና ይነዳል። አባታችንም ሾፌር ነበር። ኮሶዬ ዳገት ላይ፣ ጉም በዋጠው ኩርባ፣ ከነመኪናው ገደል ገብቶ ነው የሞተው። ወንድሜ ግን በዚያው መንገድ እንደ አባቱ ይበራል። ወለቃ ያለችው እናታችን እሱ በወጣ ቁጥር እስኪመለስ ድረስ እህል አይወርድላትም።

ባለፈው ክረምት ወንድሜ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል። መኪናዋ ያቺ ኩርባ ላይ ስትደርስ ጉልበት እንደሚከዳት፣ ነዳጅ ቢረግጥም አንድ ሰው ከኋላ ጨምድዶ የያዛት ይመስል እንደምትንፏቀቅ ነገረኝ። መካኒኩ ሞተሩን አይቶ ደህና ነው ብሎታል።

"እቴ፣ አባዬ ነው የሚይዘኝ" አለኝ።

ተናደድኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ብዬም አሾፍኩበት። በማግስቱ ግን ጎኑ ተቀምጬ ወጣሁ።

ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ገና ቀን ነበር፤ ጉሙ ግን መንገዱን ጠቅልሎ ይዞታል። ኩርባው ላይ ወንድሜ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠ። ሞተሩ አቃሰተ እንጂ አልበረታም። መኪናዋ እየዘገየች፣ እየዘገየች ሄደች። ከመሪው ኋላ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ ቢጫ መብራት በርታለች። ምንድን ናት ብዬ ስጠይቀው፣ የጭስ ማውጫው ናት፣ ከሞተሩ ጋር አትገናኝም አለኝ። በመስኮቱ ከነጭ ጉም በቀር ምንም አይታይም፤ ከገደሉ በኩል ግን ሰው ያሳለ መሰለኝ። የአባቴ ሳል እንደዚያ ነበር። ፈራሁ፤ ኬሚስትሪዬ ያን ጊዜ የት እንደገባ እንጃ።

ቤት ስንመለስ መብራቷ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። መኪናዋ የተገዛች ሰሞን ለቤተሰቡ ያስረዳሁት ነገር ትዝ አለኝ። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ካታሊስት የሚባል ነገር አለ፤ የዩሪያ ውኃ ትኩስ ጭሱ ላይ ሲረጭ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለውን መርዝ ወደ ተራ አየርና እንፋሎት ይለውጠዋል። ውኃው ከቀጠነ መኪናዋ ታውቃለች፤ መርዝ እየተፋሁ አልሮጥም ብላ ጉልበቷን ትቀንሳለች። ሜዳ ላይ ብዙም አያስታውቅም፣ የሚያጋልጣት ዳገት ነው።

የዩሪያው ውኃ ከሚሞላባት፣ ሰማያዊ ክዳን ካላት ትንሿ ታንከር በብርጭቆ ቀድቼ አየሁት። የዩሪያ ሽታ የለውም። ጥቂት ሲቆይ ሥሩ ላይ ግራጫ አመድ ዘቀጠ። ያን አመድ አውቀዋለሁ፤ እናታችን ከጠበል ቦታ እያመጣች ከልጅነታችን ጀምሮ ግንባራችንን የምትቀባን እምነት ነው።

እናቴ ወንድሜ ሊወጣ ሲል ሁልጊዜ ጀሪካን ይዛ መኪናዋን ጠበል ትረጫለች። ማን ይጠረጥራል። ብርጭቆውን አሳየኋት፤ አልካደችም።

"ምነው፣ ራስሽ አይደለሽ ውኃው ሲቀጥን ትደክማለች ያልሽ? ቀስ ብላ ትሂድልኝ ብዬ ነው ጠበሉን የጨመርኩበት" አለች። "አባትሽን የሚይዝልኝ አልነበረም።"

ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ይልቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ካታሊስቱ እንደሚበላሽ፣ ጉም ውስጥ የደከመችን መኪናም ከኋላ የሚመጣ ሊገጫት እንደሚችል ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ጀሪካኑን ወደ ጓዳ መለሰችው።

ታንከሯ ታጥባ ትክክለኛው ውኃ ተሞላ። ለወንድሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ ፊቱን አዞረብኝ። ልፈትናት ብዬ እንደገና አብሬው ወጣሁ። መኪናዋ ዳገቱን እንደ ወይፈን ትወጣዋለች፤ ቢጫዋ መብራት ጠፍታለች። ኩርባው ጋ ስንደርስ ጉሙ እንደ ፊተኛው ወረደብን፤ መኪናዋም እየዘገየች፣ እየዘገየች መጣች።

 መብራቷን አየሁ፤ አልበራችም። ከዚያ ዝቅ ብዬ የወንድሜን እግር አየሁ። ከነዳጁ ላይ አንስቶት ነበር።